ከዓውደ ዓመት ወደ ዘወትር

በልጅነቴ ለስላሳ የሚጠጣበት ቀን ይታወቅ ነበር። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ወይ ቤት ውስጥ ክርስትና ሲኖር አባቴ አንድ ሳጥን ያስመጣል። ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት ግን ባዶ ጠርሙስ ፍለጋ ነው፤ ከአልጋ ሥር፣ ከኩሽና ጥግ፣ የጎደለውን ከጎረቤት በውሰት። ባዶ ላላመጣ ሰው ባለሱቁ ሙሉ አይሰጥም፤ ከሰጠም መያዣ ያስከፍላል። እንግዳው ተስተናግዶ ሲያበቃ ለእኛ የሚደርሰን አንድ ጠርሙስ ለሁለት ነው። ብርጭቆዎቹን ጎን ለጎን አቁመን፣ ዓይናችንን ከጠረጴዛው እኩል አውርደን፣ የማን እንደበለጠ እንለካለን። ቆርኪውም አይጣልም፤ በድንጋይ ቀጥቅጠን፣ በምስማር ሁለት ቦታ በስተን፣ ክር አሳልፈን እናሽከረክረዋለን።

ያ የመስታወት ጠርሙስ ልጓሙን ይዞ ነበር የሚመጣው። ባዶ ይጠይቃል፣ መክፈቻ ይጠይቃል፣ ከተከፈተ እዚያው ይጠጣል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ፕላስቲኩ ሲመጣ ልጓሙ ወለቀ። ባዶ የሚጠይቅ የለም፤ ክዳኑ ተመልሶ ይገጥማል፤ ከደብተር ጋር ቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ እየተራመዱ ይጎነጩታል። በ300 ሚሊ ሊትር የምናውቀው መጠንም ወደ 500 አደገ፤ ለቤት የሚገዛው ደግሞ ሊትር አለፈ። ስለ ልጆችና ስለ ጣፋጭ መጠጥ የተጻፈውን ሳገላብጥ፣ የሌሎች አገሮችን ልምድ ስከታተል፣ የሰፈራችንንም ሱቅ ሳይ የምደርሰው እዚሁ ላይ ነው፦ ጉዳቱ የከፋው መጠጡ ስለተፈጠረ አይደለም፤ የዓውደ ዓመቱ ነገር የዘወትር ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ መጠኑን በዓይን ማየት ጥሩ ነው። መደበኛ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ወደ 10 ግራም ተኩል ስኳር ይይዛል፤ የብርቱካን ጣዕም ያላቸውም ብዙዎቹ ከዚህ አይርቁም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አራት ግራም ያህል ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር ነጭ ሳህን አቀረብንና በአንድ የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ልክ ስምንት ማንኪያ ስኳር ቆጥረን አፈሰስን። ሳህኑ ላይ ጉብ ሲል አየችና «ኬክ ልንሠራ ነው?» አለችኝ። ለግማሽ ሊትሩ አምስት ማንኪያ ጨመርንበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ለልጅም ለአዋቂም፣ ከተጨመረ ስኳር፣ ከማርና ከጭማቂ የሚገኘው ኃይል በቀን ከሚያስፈልገው ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ከአምስት በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በቀን 1,400 ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ አሥር በመቶው 35 ግራም ነው። ያ አንዱ ጠርሙስ ብቻውን 32 ግራም ይወስዳል፤ ከሱ በኋላ ለሻይዋም ለብስኩቷም የቀረ ነገር የለም ማለት ነው።

ስኳር ከሆነ አይቀር፣ ከረሜላው ከመጠጡ በምን ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ጠይቆ ነበር። አሥራ አምስት ሰዎች ለአራት ሳምንት በቀን 450 ካሎሪ በከረሜላ መልክ፣ ለሌላ አራት ሳምንት ያንኑ ያህል በለስላሳ መልክ ወሰዱ። ከረሜላውን ሲበሉ ሰውነታቸው አወቀው፤ ከሌላው ምግብ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ለስላሳውን ሲጠጡ ግን ምግባቸው እንደነበረ ቀጠለ። ሆድ የተታኘከውን ይቆጥራል፣ የተጠጣውን ግን እንደ ውሃ ያሳልፈዋል ማለት ይቻላል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 በኔዘርላንድስ የወጣው ትልቅ ሙከራ ወደዚያው ያመለክታል። ከአምስት ዓመት ገደማ እስከ 12 ዓመት የሚጠጉ 641 ልጆች ለ18 ወራት በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር መጠጥ ተሰጣቸው፤ ለግማሾቹ ስኳር ያለው፣ ለግማሾቹ ያለ ስኳር የጣፈጠ፤ የትኛው የማን እንደሆነ አያውቁም። ሲጨርሱ ስኳር ያለውን የጠጡት ከሌሎቹ በአማካይ አንድ ኪሎ ያህል በልጠው ጨምረው ተገኙ። በቀን አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ፣ በአንድ ዓመት ተኩል አንድ ኪሎ።

የእንግሊዝን ታሪክ የተመለከተው ጥናት ደግሞ በሰፊው መነበብ ያለበት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ እዚያ ስኳር በራሽን ይታደል ነበር፤ ራሽኑ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1953 ሲነሳ የሰዉ የስኳር ፍጆታ ወዲያው እጥፍ ሊሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት ከዚያ ቀን ጥቂት ቀደም ብለውና ጥቂት ዘግይተው የተወለዱ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን የጤና መዝገብ አነጻጸረ። ከማኅፀን ጀምሮ በራሽኑ ዘመን ያደጉት በዕድሜያቸው አጋማሽና ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በደም ግፊት በ20 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ራሽን ሲባል እኛም የሸማቾች ሱቅ ሰልፍና የስኳር ኩፖን ትዝ ይለናል፤ እጥረትን የሚመኝ ማንም የለም። ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላየሁም። ለአራስ ሕፃን በጣት የሚቀመስ ስኳር፣ በጡጦ የሚሰጥ ጣፋጭ ሻይ፣ «ትንሽ ይቅመስ» ተብሎ ከአያት ብርጭቆ የሚጨለፍ ለስላሳ፣ ሁሉም በፍቅር የሚደረጉ ናቸው። የሕፃኑ ዕድሜ ግን ለስኳር የሚሆን ዕድሜ አይደለም።

ጥርስን በተመለከተ የእኛ ወላጆች ትልቁ ስህተት «የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወልቅ የለ» ማለት ነው። በጥርስ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ስኳሩን በልተው አሲድ ያወጣሉ፤ የአፍ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ የጥርሱ ቅርፊት ማዕድኑን ያጣል፤ ምራቅ ወደ ቦታው እስኪመልሰው ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈጃል። ኮላው ራሱ ፒኤቹ ሁለት ተኩል አካባቢ ነው። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ከምግብ ጋር ባንዴ የጠጣና ያንኑ ጠርሙስ ከጠዋት እስከ ማታ እየከፈተ አንዳንድ ጉንጭ የሚጠጣ ልጅ ስኳራቸው እኩል ቢሆንም ጥርሳቸው እኩል አይጎዳም። ይህን ልዩነት ዓለም የተማረው በሚያሳፍር መንገድ ነው። ስዊድን ውስጥ በቪፔሆልም ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ታካሚዎች ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ በምግብና በምግብ መሃል እያበሏቸው፣ ተመራማሪዎች ጥርሳቸው ሲበላሽ ተመለከቱ። ሳይንሱ ስለ ድግግሞሽ የሚያውቀው አብዛኛው ነገር ከእነዚያ ሰዎች ሕመም የተገኘ ነው፤ ቢያንስ ልንጠቀምበት ይገባል። የተቦረቦረ ጥርስ ያመመው ልጅ ሌሊት አይተኛም፣ ጠዋት አይበላም፣ ክፍል ውስጥ ጉንጩን ይዞ ይውላል። የወተት ጥርስ ያለጊዜው ሲነቀልም ቋሚው ቦታውን ስቶ ጠሞ ሊበቅል ይችላል።

አንድ ነገር ሳላስተካክል ማለፍ አልችልም። በሽታውን «ስኳር» ብለን ስለምንጠራው ስኳር የበላ ሁሉ ስኳር የሚይዘው፣ ስኳር የያዘውም ሁሉ አብዝቶ በልቶ የሚመስለን ብዙዎች ነን። የአንዲት ዘመዴ ልጅ በስድስት ዓመቱ አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ሲገኝበት ጠያቂው ሁሉ ለእናቱ ያቀረበላት ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ምን ያህል ለስላሳ ብታጠጪው ነው?» ያቺ ሴት ስንት ሌሊት ራሷን ስትከስስ እንዳደረች አውቃለሁ። አንደኛው ዓይነት የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የቆሽት ሴሎች ሲያጠፋ ነው፤ ለስላሳ አላመጣውም፣ እናትም አላመጣችውም። በየቀኑ የሚጠጣ ጣፋጭ የሚያባብሰው ሁለተኛውን ዓይነት ነው፤ ይህም በዓመታት፣ ከክብደት፣ ከዘርና ከእንቅስቃሴ ማነስ ጋር ተደምሮ ነው። በዚያ ቤት ዛሬም ማቀዝቀዣው ላይ አንድ ለስላሳ ሁልጊዜ ይቀመጣል፤ ልጁ ስኳሩ ወርዶ መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ግማሽ ብርጭቆ ይሰጠዋል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ፊቱ ይመለሳል። ያ ጠርሙስ በቤቱ ያለ መድኃኒት ነው፤ ማንም ሌላ ሰው አይነካውም።

ወደ አገራችን ስንመጣ ከውጭ የተጻፈውን እንዳለ ማንበብ ያሳስታል። እዚያ ዋናው ጭንቀት ውፍረት ነው። በእኛ አገር በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ፣ ክብደታቸው የበዛው ደግሞ ሁለት በመቶ ያህል ነበሩ። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ውስጥ ዝቅተኛውን የአመጋገብ መስፈርት የሚያሟላ ምግብ ያገኙት 11 በመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ለስላሳ መጠጥ የሚያደርሰው የመጀመሪያ ጉዳት የሌላውን ምግብ ቦታ መቀማት ይመስለኛል። የልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ በለስላሳ የሞላ ሆድ እንቁላሉን ይተዋል። የእናት ቦርሳም እንደዚሁ ትንሽ ነው፤ ለለስላሳ የወጣው ብር ለወተት፣ ለሙዝ፣ ለአንድ እንቁላል ይሆን የነበረ ብር ነው። ለዚህ ነው «የእኛ ልጆች ከስተዋል፣ ስኳር ቢጨመርላቸው ምን አለበት» የሚለው ክርክር የማይዋጥልኝ። የከሳ ልጅ የጎደለው ፕሮቲን፣ ብረት፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ነው፤ ከጠርሙሱ ውስጥ አንዳቸውም የሉም።

ስለ ሻይም እውነቱ መነገር አለበት። ጠርሙሱን ብቻ ስንከስስ ፔርሙሱ ያመልጣል። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሻይ፣ ማታም ሻይ፤ ሦስት ብርጭቆ በሦስት ሦስት ማንኪያ ሲሰላ 36 ግራም ነው፤ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ይበልጣል። ሻይ ላይ ግን ማንኪያው በእናት እጅ ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ብትቀንስ ማንም ሳያውቅባት ወደ አንድ ማንኪያ ትወርዳለች፤ ምላስ ይለምዳል። በፋብሪካ የተከደነውን ማንም እናት መቀነስ አትችልም።

ጾሙም የራሱ ድርሻ አለው። የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደማይገደድ የታወቀ ቢሆንም፣ ዕቃው ይነካካል ተብሎ በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ከቤቱ ጨርሶ የሚጠፋበት ቤት ብዙ ነው። ለስላሳ ግን የጾም ነው፤ ሁልጊዜም ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ያልጠየቀችውን ጾም በሕፃን ላይ ጥለን፣ ወተቱን ከልክለን ለስላሳውን ስንሰጠው ማየት በጣም ያሳዝነኛል። ለልጁ አንድ ለብቻው የሚሆን ድስትና ኩባያ መለየት ከባድ ነገር አይደለም።

ለስላሳ በእኛ ዘንድ ክብርም ነው። እንግዳ ሲገባ «ምን ይምጣልዎ?» ይባላል፤ ውሃ ብቻ ማቅረብ ያሳፍራል። አራስ ጥየቃ፣ ሆስፒታል፣ ለቅሶ ቤት በባዶ እጅ አይኬድምና የሚያዘው ለስላሳ ወይም የካርቶን ጁስ ነው። በሜክሲኮዋ ቺያፓስ፣ ሳን ሁዋን ቻሙላ በተባለች ከተማ፣ የማያ ተወላጆች በቤተ ክርስቲያናቸው ለሚያደርጉት የጸሎትና የፈውስ ሥርዓት ኮካ ኮላ ይጠቀማሉ። ሰዎቹን የሚያንቋሽሽ ዘገባ ሳነብ ቅር ይለኛል፤ የእኛ አጎት ለልጅ ልደት ስድስት ጠርሙስ አንጠልጥሎ ሲገባ ያለው ደስታ ከዚያ ብዙም አይለይም። የተከበረ ነገር በቀላሉ አይለቅም። እኛ ግን እንግዳ የምንቀበልበት ሌላ መጠጥ አጥተን አናውቅም፦ አብሽ፣ የተልባ ውሃ፣ የሱፍ ውሃ፣ በሶ፣ አጥሚት፣ እርጎ፣ ብርዝ። ብርዝም በማር ነውና ከሂሳቡ አያመልጥም፤ ከሪቦም ዛሬ ስኳር እየበዛበት ነው። ስኳር የሌለው ጋዝ ለሚወድ ደግሞ አምቦ ውሃ አለ።

ጣፋጩ ወደ ተራው ሰው ቤት እንዴት እንደገባ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ በተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ደስታ ከረሜላን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ልጅ የለም። ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ውስጥ መመረት ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ድሬዳዋ ተከተለች። ፋብሪካ ሥራ ነው፣ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ይህን የሚረሳ ክርክር ሩቅ አይሄድም።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ በሊትር አንድ ፔሶ ታክስ ጣለች፤ በመጀመሪያው ዓመት ግዢው በአማካይ ስድስት በመቶ ቀነሰ፣ በሁለተኛው ዓመት ከዚያ በላይ ወረደ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረችው የበለጠ ብልሃት ያለበት ነው። ታክሱ በዋጋው ሳይሆን በስኳሩ መጠን ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ከአምስት ግራም በታች ከሆነ የለም፣ ከስምንት በላይ ከሆነ ከፍ ይላል። ፋብሪካዎቹ ገና አዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል ስኳራቸውን ቀነሱ፤ ልጆቹ ሳያውቁት ብዙ ስኳር ከአፋቸው ተወሰደ። ደቡብ አፍሪካም በዚያው ዓመት በስኳሩ ግራም ልክ ማስከፈል ጀመረች። ቺሊ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ስኳር የበዛበት ዕቃ ላይ ጥቁር ስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍ አዘዘች፤ ልጅ የሚስቡ የካርቱን ሥዕሎችንም ከማሸጊያው አስወጣች።

ዘመዶቻችን ያሉባቸውም አገሮች በዚህ መንገድ ሄደዋል። ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2017 በለስላሳ ላይ 50 በመቶ፣ በኃይል ሰጪ መጠጥ ላይ 100 በመቶ ታክስ ጣሉ። እስራኤል እ.ኤ.አ. በ2020 ስኳር በበዛበት ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ቀይ ክብ ምልክት አመጣች፤ በ2022 የጣለችውን የጣፋጭ መጠጥ ታክስ ግን በዓመቱ መልሳ አነሳችው። እዚያ የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ለእኛ ትምህርት ነው፤ ሲገቡ በመካከላቸው የስኳር በሽታ ብርቅ ነበር፣ ከቆዩ በኋላ ግን በፍጥነት በዛ። ለስላሳ ብቻውን አላመጣውም፤ እንቅስቃሴው፣ ነጩ ዳቦ፣ ጭንቀቱም አለበት።

እኛ ዘንድ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ለስላሳ መጠጥን ይመለከታል፤ ነገር ግን የሚሰላው በዋጋው እንጂ በስኳሩ አይደለም። ስለዚህ ስኳሩን በግማሽ የቀነሰ ፋብሪካ ምንም አያተርፍም። ይህ ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው፣ ቢስተካከልም ደስ ይለኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የቢራን ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ብዙዎች አይቻልም ብለው ነበር፤ ተቻለ። ልጆች ላይ ያነጣጠረ የጣፋጭ ማስታወቂያም ተመሳሳይ ድፍረት ይፈልጋል።

ያለ ስኳር የጣፈጠውን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ተብሎ እንዳይወሰድ መክሯል፤ አሲዱም እንዳለ ነው፤ የልጁ ምላስ ከጣፋጭ አይላቀቅም። ጭማቂም ቢሆን ከፍሬው ያንሳል፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጨርሶ እንዳይሰጥ ይላል። ብርቱካኑን ልጦ መስጠት ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተብሎም ውሃ የሌለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለን ልጅ ለስላሳ አትጠጣ ማለት ትርጉም የለውም። ልጄ ከምትማርበት በር አጠገብ ያለው ሱቅ ውስጥ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ለምን የታሸገ ውሃ እንደማይገዛ ጠይቄው ነበር። «በውሃው ላይ ትንሽ ስጨምር ለስላሳ ይሆንልኛል» አለኝ፤ ሂሳቡ ትክክል ነው። ባለፈው ዓመት የወላጆች ኮሚቴው ገንዘብ አዋጥቶ ሮቶ አስቀመጠ፣ አራት ቧንቧ ተገጠመለት፣ ልጆቹም ኮዳ እንዲይዙ ተነገራቸው። የመጀመሪያው ሳምንት በእረፍት ሰዓት ቧንቧው ላይ ሰልፍ ነበር፤ ባለሱቁም ሽያጩ መቀነሱን ነግሮኛል። ሰፈራችን ግን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ተራችን በሚዘገይበት ሳምንት ሮቶው ከረቡዕ አያልፍም፤ ሐሙስና ዓርብ ኮዳዎቹ ባዶ ሆነው ከቦርሳ ጎን ተንጠልጥለው፣ ልጆቹ ወደ ሱቁ ይሻገራሉ።